የግራ ጉንጭ

«ድንገት ነው እኮ! ማታ ደህና አምሽቶ፣ ጠዋት ሬሳ!» አሉ አክስት፣ ገና ወንበር ለያዙት እንግዶች።

ኤሌክትሪሺያኑ የሻይ ትሪውን እንደያዘ በሩ ላይ ቀረ። ሟቹ የሚስቱ አባት፣ የአክስት ታናሽ ወንድም ናቸው። ቀብሩ ትናንት ተፈጽሟል፤ ዛሬ ቤቱ በለቀስተኛ ተጨናንቆ የሶፋው መደገፊያ ሳይቀር ሰው ተቀምጦበታል። ይቺን «ድንገት» የምትል ቃል ከየአፉ በሰማ ቁጥር ዓይኑን ትሪው ላይ ይጥላል። ድንገት እንዳልነበረ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ትሪውን ይዞ ዞረ። ጥግ ላይ ሁለት የሰፈር ሴቶች አንገት ለአንገት ገጥመው ያንሾካሹካሉ።

«ልጅቷ ነርስ አይደለችም እንዴ?»

«ናት እንጂ። ክሊኒክ ነው የምትሠራው።»

«ታዲያ አንድ ቤት እየኖሩ እንዴት ሳታይለት ቀረች?»

«የሰው ደም ግፊት ስትለካ ውላ የአባቷን… እንግዲህ ምን ይባላል።»

አጠገባቸው መቆሙን ሲያዩ አንደኛዋ «ስኳር ጨምርልኝ የኔ ልጅ» ብላ ወሬውን ዋጠችው። ኤሌክትሪሺያኑ ቀና ሲል ሚስቱን አየ። ፊት ለፊት፣ መሬት የተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታያለች። ሰምታለች። ትናንት ከቀብር ሲመለሱ መኪና ውስጥ «ነርስ ሆኜ፣ በየቀኑ ፊቱን እያየሁት» እያለች ስታለቅስ፣ «የፈጣሪ ሥራ ነው፣ አይዞሽ» ብሏት ነበር። እንዲህ ብሎ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ።

ሽማግሌው ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሱ ሾፌር ነበሩ። ጡረታ ወጥተው፣ ሚስታቸውም ሞተው ልጃቸው ቤት ሲገቡ፣ ከአማቻቸው ጋር የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም። «እንደምን አደሩ»፣ «ደህና፣ አንተስ»፤ በቃ። እሱ ሲገባ ቴሌቪዥኑን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ሲወጣ ከፍ። እንደማይወዱት እርግጠኛ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን ሲላጭ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ። ከጣሳ እየተነፋ የሚወጣውን ነጭ አረፋ አዩት።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው? የኬክ ክሬም?»

«የጺም አረፋ ነው፣ አባባ።»

«ልትላጭበት ነው ልትበላው?»

ሄደው እጀታው የተላላጠ ብሩሽና ኩባያ ውስጥ የተጠፈጠፈ ሳሙና ይዘው ተመለሱ። ሳሙናውን በሙቅ ውሃ አለስልሰው፣ ብሩሹን ሳይቸኩሉ አሽከርክረው፣ አረፋው እንደ እርጎ ሲከብድ ጉንጩን ቀቡት። ኤሌክትሪሺያኑ አባቱን የሚያውቀው በፎቶግራፍ ብቻ ነው። ወንድ ልጅ እንዲህ አገጩን ይዞት አያውቅም። ምላጩ ድምፅ ሳያሰማ ሄደ።

«ውድ መሆን አለበት» አለ።

«ሂድ ወዲያ! ከአንድ ሻይ አይበልጥም። ውድማ ማንም ይገዛል። ከርካሹ መሀል ደህናውን ፈልፍሎ ማውጣት ነው ቁም ነገሩ።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ የሁለቱ ሆነች። የየሱቁን የታችኛውን መደርደሪያ እየበረበሩ አቧራ የጠጣ ሳሙና ሁሉ ሰበሰቡ። አንዱ የብል መድኃኒት ይሸታል፤ አንዱ እንደ ልብስ ሳሙና ገንፍሎ ምላጩ አገጭ ሳይደርስ ይደርቃል፤ አንዱ ደግሞ የሁለቱንም አንገት በርበሬ አስመስሎት ሚስቱ ሳምንት ሙሉ ቅባት እየቀባች ስትረግማቸው ሰነበተች። ሽማግሌው ፈተና ነበራቸው፤ አረፋውን በእጃቸው ጀርባ ላይ አድርገው እፍ ይሉበታል። ከበረረ፣ «ወሬኛ ነው፣ ጣለው»። ካልበረረ፣ «ይሄ ሰው ነው»። ማልደው በሩን ያንኳኳሉ። «አንተ አምፖል፣ ተነስ! አዲስ እጩ መጥቷል።» አምፖል ያሉት በሥራው ነው፤ እሱም ስሙ ሆኖ ቀረ።

ከመሞታቸው ከወር በፊት፣ የአንድ ቅዳሜ እጩ አረንጓዴ ሳሙና ነበር። ሽማግሌው ፊታቸውን ቀቡና ብሩሹ ከግራ እጃቸው አምልጦ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። እንደወደቀ ተዉት። ቀኝ ጉንጫቸውን ተላጩ፣ አገጫቸውን እስከ መሀሉ ተላጩ፣ መላጫውን አለቅልቀው ፎጣውን ትከሻቸው ላይ ጣሉና ሊወጡ ዞሩ። ኤሌክትሪሺያኑ ሳቀ።

«አባባ፣ ግራውን ረሱት እኮ።»

«የቱን?» ቃሉ ምላሳቸው ላይ ተጎተተ። መስታወቱን ትክ ብለው አዩ። «ጨርሻለሁ አይደል?»

ያን ጊዜ ሳቁ ደረቀበት። ግማሽ ፊታቸው ነጭ በነጭ ነው፤ እሳቸው ግን አይታያቸውም። ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ትንሽ ቆይተው ግራ እጃቸውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረጉ፤ ምላሳቸውም ተፈታ።

«ልጥራት፣ ክሊኒክ እንሂድ» አለ።

በቀኝ እጃቸው ክንዱን ያዙት። «እንዳትነግራት። ከሰማች አልጋ ላይ ነው የምታስረኝ። አሮጌ መኪና አንዴ ጋራዥ ከገባ ጉዱ አያልቅም። ይሄ በኔና ባንተ ይቅር፣ ልጄ።»

ልጄ። እስከዚያ ቀን ብለውት አያውቁም።

ሚስቱ ለሥራ ልትወጣ ስታልፍ በሩን ከፈተችው። «አባዬ! ግማሽ ፊትህን ለማን ትተህ ነው?»

ሽማግሌው አማቻቸውን አዩት።

«ሳሙናው ነው» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ፈጠን ብሎ። «ርካሽ አይደል፣ ምላጭ ሳይደርስበት ደረቀ።»

«በዚህ ሳሙናችሁ አንድ ቀን ፊት አልባ ትቀራላችሁ» ብላ እየሳቀች ሄደች። የግራውን ጉንጭ እሱ ላጫቸው። ፈርቶ ነበር፤ ደስታም ነበረበት።

ማታ እነግራታለሁ አለ። ከዚያ ነገ፣ ከዚያ ከነገ ወዲያ። ሽማግሌው ደህና መሰሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም በሩን አንኳኩ። ቢናገር ሆስፒታል ይገቡ ነበር። በሩን የሚያንኳኳ አይኖርም፤ «ልጄ» የምትለዋም ትቀራለች። ለእሳቸው አዝኖ ዝም ያለ ይመስለው ነበር። አሁን፣ የሻይ ትሪ ይዞ በሰዎች ጉልበት መሀል ሲሹለከለክ፣ ለማን ብሎ ዝም እንዳለ ጠንቅቆ ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ልቅሶው በረድ አለ። የሟች ነገር እየተነሳ ፈገግታ መጣ።

«እስቲ የሳሙናውን ንገሪያቸው» አሉ አክስት።

ሚስቱ እንባዋን ጠረገችና ጀመረች። የብል መድኃኒት ስለሚሸተው ነገረቻቸው፤ አንገታቸውን ስላነደደው። ቤቱ ሳቀ። «አንድ ቀን ደግሞ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ግማሹን አረፋ አልብሶ ሊወጣ! ሳሙናው ደርቆበት። ጭራሽ እኮ አልታወቀውም፣ እኔ ስጠይቀው እንኳን…»

ቆመች። ሌሎቹ ገና ይስቃሉ። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ራሷ ጉንጭ ወጣ።

«አንተ» አለችው ባሏን፣ በሰዉ መሀል። «የትኛው ጎኑ ነበር?»

አላስታውስም ማለት ይችል ነበር። አፉ ላይ ደርሶም ነበር።

«ግራው» አለ።

ተነስታ ወደ ማድቤት ገባች። ተከተላት። በሩን ዘጋችው።

«ሳሙናው አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«እጁስ?»

«ብሩሹ ወድቆባቸው ነበር። ምላሳቸውም ትንሽ ተሳስሮ ነበር። ወዲያው ግን ተሻላቸው።»

«ወዲያው ነው የሚሻለው።» በሽተኛ ስታናግር በምታወጣው ድምፅ ነበር የምትናገረው። «ስትሮክ እንደሱ አድርጎ ነው የሚያስጠነቅቀው። ያን ቀን ብንወስደው…»

«እንዳልነግርሽ ለመኑኝ።»

«እሱማ ይለምናል! ጥርሱን ሲያመውም ይለምናል። ሰምቶ ዝም የሚለው ማን ነው?»

የሚናገረው ነገር አንድ ብቻ ነበረው፤ ገና ሳይወጣ አፉ ውስጥ አነሰበት። ቢሆንም አለው። «ልጄ አሉኝ።»



«እኔስ ልጁ አይደለሁም?» አለች። «ከትናንት ጀምሮ እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ስቃጠል፣ አጠገቤ ቁጭ ብለህ አይዞሽ ትለኛለህ?»

ፊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ በሩን ከፈተች። «እንግዶች አሉ» ብላ ወጣች።

ከኋላዋ ወጣ። እንግዶቹ መሀል ቆመ፤ እጁን የሚያደርግበት ጠፋው። ጥግ ላይ ያሉትን ሁለቱን ሴቶች አያቸው። ድምፁ ከጠበቀው በላይ ጮኸ።

«እሷ አላየችም» አለ። «ያየሁት እኔ ነኝ። ከወር በፊት ታመው ነበር፣ አውቄ ደበቅኋት። እሷን ማንም ምንም እንዳይላት።»

አክስት ስኒያቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ወንድሜን?» አሉ። «ታውቅ ነበር?»

«አዎ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሚስቱ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ አላየችውም።

ምሳ ዘግይቶ ቀረበ። እንግዳ እጅ ማስታጠብ የእሱ ሥራ ነበርና ማንቆርቆሪያና ሳህኑን አንስቶ ከዳር ጀመረ። አንዳንዱ እጁን ዘርግቶ ዓይኑን ሰበረ። አንዱ ሽማግሌ «ያጽናህ» አሉት በለሆሳስ፤ ይህ ከስድብ ባሰበት። አክስት ዘንድ ሲደርስ ተነስተው አለፉት፤ ማድቤት ገብተው ከቧንቧው ሲታጠቡ ተሰማ።

መጨረሻ ላይ ፍራሹ ጋ ደረሰ። ሚስቱ አባቷ ከሞቱ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ሊያልፋት አሰበ። እጆቿን ዘረጋች።

አጎንብሶ አፈሰሰላት። ታጠበች። ጣቶቿ ከጠሩ በኋላም አልሰበሰበቻቸውም፤ እሱም ማፍሰሱን አልተወም። ማንቆርቆሪያው ቀለለ፣ ጠብ ጠብ አለ፣ አለቀ። እጆቿ እንደተዘረጉ ናቸው፤ ዓይኗ ግድግዳው ላይ ነው። ፎጣውን ሲፈልግ እንግዶቹ አርጥበው ጨርሰውታል።

ተንበረከከ። የሸሚዙን ጫፍ ከሱሪው መዝዞ ጣቶቿን አንድ በአንድ ማድረቅ ጀመረ።