ባዶ ጥቅል

«ዋኘው፣ ይኸን ለባለቤትህ። የነፍሱ ሰደቃ ነው» አለች ፈህሚያ፤ በወረቀት የተጠቀለለ የቅጠል ዱቄት መዳፉ ላይ እያኖረች።

ልጇ ጦይባ ከሴቶቹ ምንጣፍ ላይ ሆና አየች። የሟች አባቷ የመድኃኒት ቆርቆሮ ክዳኑ ተከፍቶ እናቷ ጉልበት ላይ ተቀምጧል። ጥቅሉም ልክ እንደ አባቷ አጠቃለል ነው፤ ጠርዙ በጥፍር ተዳምጦ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል።

ቁርኣኑ ተቀርቶ የለቅሶው ድንኳን በሹክሹክታ ተሞልቷል።

«ስንቱን ከወፍ በሽታ አዳነው! ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሁሉ ደጃፉ ላይ ነበር።»

«ሴት ልጁስ በማሽን አረጋግጣለት የለ?»

ጦይባ እጆቿን ሻርፗ ሥር ደበቀች።

አባቷ ዐብዱረሕማን የቅመም ነጋዴ ነበር፤ ከቅመሙ ጎን ከአዲ አርቃይ የሚያስመጣው፣ ለወፍ በሽታ የሚሰጠው አንድ ቅጠል ነበረው። ጦይባ ለማስተርስ ጥናቷ ያንኑ ቅጠል ስትመርጥ ላብራቶሪው ድረስ መጣ፤ ጫማውን እንደ መስጊድ በር ላይ አውልቆ።

«ኧረ አባ፣ ጫማህን አድርግ!» ብላ ሳቀች።

ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፈሳሽ ላይ የቅጠሉን ጭማቂ ጠብ አደረገችበት። ቀለሙ እየደበዘዘ ሄዶ ቢጫ ሆነ።

«አወጣው! ቢጫውን ጎትቶ አወጣው!»

«አይ አባ፣ ቢጫው የፈሳሹ ነው። ቅጠሉ ኦክሳይድን የመቋቋም ኃይል አለው ማለት ነው እንጂ፣ የጠጣውን ሰው ጉበት ይጉዳ አይጉዳ አልፈተንንም።»

«እሺ፣ እሺ» አለ። ዓይኑ ግን ከብልቃጡ አልተነቀለም።

ክረምት ሲገባ የራሱ ዓይን ቢጫ ሆነ። ሆስፒታል እንሂድ ስትለው «በዓይኔ በብረቱ አሳይተሽኝ?» እያለ የሚጠጣውን ቅጠል መጠን በእጥፍ ጨመረ። ሕመሙ ሲያሸንፈው ሆስፒታል ወሰዱት። ሐኪሙ ምን ሲጠጣ እንደነበር ጠየቀ። አባቷ ግን አልተረፈም። የገደለው በሽታው ይሁን ቅጠሉ ማንም አላወቀም። ጦይባም አላወቀችም፤ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው።

አሁን ዋኘው «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ ተነሣ። ለለቅሶ ከሳንጃ ነው የመጣው፤ የባለቤቱ ዓይን ቢጫ ሆኗል። ጥቅሉን ደረት ኪሱ ሊከት ሲል ጦይባ ፊቱ ቆመች።

«አያ ዋኘው፣ እሱን ይስጡኝ። ባለቤትዎን ሆስፒታል ያምጧት።»

«ምነው ልጄ? ሸጋ ነው ያልሽ አንቺ አይደለሽ? አያ ዐብዱ እንደዚያ ነበር ያለኝ።»

«ብርታቱን እንጂ ጉዳቱን አልፈተንሁም።» ድምፅዋ ቀጠነ። «አባቴም ይህንኑ እየጠጣ ነው የሞተው።»

አንዲት ሴት «አስተግፊሩላህ» አለች።

«እኛ ከትናንት በስቲያ ቀበርነው» አለች ፈህሚያ። «አንቺ ግን ዛሬ ገደልሽው።»

ጦይባ የዘረጋችውን እጇን አልሰበሰበችም። ዋኘው እናትና ልጅን አፈራርቆ አየና ጥቅሉን ሰጣት።

«በማለዳው መኪና አመጣታለሁ» አለ ዝቅ ብሎ።

ጦይባ ከድንኳኑ ጀርባ ወጥታ ዱቄቱን ደፋችው፤ አፈር አለበሰችው። ወረቀቱን ግን መጣል አልሆነላትም። አራግፋ፣ ጠርዙን በጥፍሯ ዳምጣ፣ እንደ አባቷ አጠፈችው።

ስትመለስ ቆርቆሮው ተከድኗል፤ የእናቷ ሁለት እጆች ክዳኑን ተጭነውታል። ጦይባ አጠገቧ ተቀምጣ ባዶውን ጥቅል ጉልበቷ ላይ አኖረችላት።

ፈህሚያ አልፈታችውም። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ ዓይኗን ጨፍና አሸተተችው።