ትከሻ ላይ የቀሩ ጣቶች

«አራት ጣት!» አለች ዝላትካ፣ የመርዶውን ወረቀት በሩ ላይ ለጥፋ ሳትጨርስ። «ቬኔታ፣ ነይ እስቲ እዪ። አራት ጣት ትተውብናል!»

ቬኔታ ለሟች ነፍስ የሚቀርበውን ቅቅል ስንዴ በስኳር ስትለውስ ቆይታ እጇን ሳትታጠብ ወጣች። ወረቀቱ ላይ አንድያ ልጇ ራዶስቲና ትስቃለች። ከሥሯ ስሟ፣ ሃያ አራት ዓመቷ፣ ከዚያም «ኀዘንተኛ ቤተሰቦቿ» ይላል። ግራ ትከሻዋ ላይ የሌላ ሰው አራት ጣቶች ቀርተዋል፤ ጥፍራቸው ጥቁር ተቀብቷል። የጣቶቹን ባለቤት ከፎቶው ላይ በመቀስ የቆረጠቻት ራሷ ቬኔታ ነበረች። የልጇን ትከሻ እንዳትቆርጥ ፈርታ እስከዚያ ድረስ አልተጠጋችም።

«የማን እጅ ነው ቢሉሽ ምን ልትዪ ነው?»

«የአክስቷ ነው እላለሁ።»

«የኔ? እኔ በስልሳ ዓመቴ ጥፍሬን ጥቁር ልቀባ?» አለች ዝላትካ። «ለአርባው እንዲያጠፉት ማተሚያ ቤቶቹን እነግራቸዋለሁ።»

ዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በሎም ከተማ ሰው ሲሞት ወረቀቱ በር ላይ፣ ዛፍ ላይ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ይለጠፋል፤ በዘጠነኛውና በአርባኛው ቀንም ይታደሳል። ቆሞ ሳያነብ የሚያልፍ የለም። ሟቹንማ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰዉ የሚያነበው ግርጌውን ነው፣ ማን ተጠቀሰ፣ ማን ቀረ እያለ። ዝላትካ በዚህ ከተማ ስልሳ ዓመት የኖረችው ግርጌ ስታነብ ነው።

ዘጠነኛው ቀን ነበር። መስተዋቱ ተሸፍኗል፤ ጎረቤቶች ከወይኑ ጠብታ ጠብታ መሬት ላይ እያፈሰሱ፣ ብርጭቆ ሳያጋጩ፣ «ነፍሷን ይማር» እያሉ ይጠጣሉ። ከቀትር በኋላ ከሶፊያ በአውቶቡስ የመጣች አንዲት ቀጭን ልጅ ካርቶን አቅፋ ገባች። ካሊና ነበረች። ጥፍሯ ላይ የጥቁሩ ቀለም ርዝራዥ አለ።

«ደባሏ ናት» አለች ዝላትካ ማንም ሳይጠይቃት። «አንድ ቤት ተጋርተው ይኖሩ ነበር። ተማሪ እንደሚኖረው ማለት ነው።»

በሩ ሥር አስቀመጧት። ጎረቤታቸው እማማ ፔና አንገታቸውን አስግገው አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ እኮ ጠፋ! ለደባል እንዲህ ይለቀሳል?»

«አራት ዓመት አብረን ኖረናል» አለች ካሊና።

ሁሉም ቬኔታን አየ። አንድ ቃል ብትናገር በቂ ነበር፤ ቬኔታም አውቃዋለች። ሳህኑን አንስታ ወደ ልጅቱ ገፋች።

«ብዪ እንጂ፣ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

ካሊና በጥፊ የተመታች ይመስል ቀና አለች። ከዚያ ተነሳችና ካርቶኑን ቬኔታ እግር ሥር አስቀመጠችው። «መጽሐፎቿ ናቸው። ደብተሯም አለበት። ከፈለጉ ያንብቡት» ብላ ወጣች። ዝላትካ በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

ቬኔታ በማግስቱ ጠዋት ካርቶኑን ከፈተችው። ግማሹ በሥዕል የተተረከ ኮሚክ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ሴት ከሴት፣ ወንድ ከወንድ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ደብተሩ ላይ ልጇ ያነበበችውን ሁሉ እየመዘነች ኮከብ ሰጥታለች። ይህ አመሏ የቆየ ነው። በአሥር ዓመቷ የእናቷን የወጥ አሠራር መጽሐፍ አንብባ ሁለት ኮከብ ሰጥታው ነበር፤ «መጨረሻው ከመጀመሪያው ይታወቃል፤ ሁሉም ይበላል» ብላ።

«ሁለት ሴቶች ይዋደዳሉ፤ አንዷ በመጨረሻው ምዕራፍ ትሞታለች» ይላል የመጀመሪያው ገጽ። «አንድ ኮከብ። ዘንድሮ ይህች ሰባተኛዋ ናት። ደራሲዎች ሆይ፣ ቀባሪ አደረጋችሁን እኮ! እስቲ አንዷን እንኳ አኑሩልን። ታርጅ፣ ጉልበቷን ይቁረጣት፣ ሾርባው ጨው በዛ ብላ ትነዝንዝ።»

ቬኔታ ሳታስበው ሳቀች። ወዲያው አፏን በቀሚሷ ይዛ አለቀሰች።

«ልጁ ወንድ እንደሚወድ ለአባቱ ይነግረዋል፤ አባትየው ያቅፈዋል፤ ኬክ ይቆረሳል። ሁለት ኮከብ። ደራሲው ሎምን አያውቃትም። እኛ ዘንድ ኬኩ ይቆረሳል፤ ወሬው ግን አይነሳም።»

«ኮሚክ ስትመርጡ መጀመሪያ እጆቹን እዩ። እጅ መሳል ያቃተው ሠዓሊ ሰዎቹን ሁሉ እጃቸውን ኪስ ያስከትታቸዋል። ፊት ይዋሻል፤ እጅ ግን አይዋሽም።»

ቬኔታ በሩ ላይ ያሉት አራት ጣቶች ትዝ አሏት። ከዚያ መጨረሻውን ገጽ ገለጠች።

«ከዚህ ኮሚክ ሰዎች ሁሉ የምትበልጠው እናትየዋ ናት። ልጅቷ የምትወዳትን ሴት ቤት ይዛ መጥታ እውነቱን ትነግራታለች። እናት ዘጠኝ ገጽ ሙሉ ሳህን ታነሳለች፣ ጠረጴዛ ትጠርጋለች፣ ‹ብዪ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል› ትላለች። ክፉ አይደለችም። አውቃታለሁ። ሦስት ኮከብ። ሁለቱን ለአሥረኛው ገጽ አስቀምጬላታለሁ። ሁለተኛው ቅጽ ይወጣል አሉ፤ እጠብቃለሁ።»

ከሁለት ዓመት በፊት በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ራዶስቲና የካሊናን እጅ ይዛ «እማ፣ ደባሌ አይደለችም» ብላ ነበር። ቬኔታም ያንኑ «ብዪ፣ ምግቡ ይቀዘቅዛል» አለች። ከዚያ ወዲህ ልጇ ደግማ አላነሳችባትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ባለፈው ወር ግን ቬኔታ ስልክ ደውላ «ለገና ብቻሽን ብትመጪ ይሻላል፣ አክስትሽ ትመጣለች» አለቻት። ልጇ ታዛዥ ናት፤ ብቻዋን መንገድ ጀመረች። ተራራው ላይ በረዶ ነበር። የተሳፈረችበት ሚኒባስ ገደል ገባ።

ቬኔታ ቀን ቆጥራ፣ ቃል መርጣ፣ አርባው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ለካሊና ደወለች።

«ልጄ፣ ለአርባው ነይ። ወረቀቱ ላይም ስምሽን...»

«አሁን?» አለች ካሊና። «አሁን ለማን?»

«እኔ ነኝ ብቻሽን ነይ ያልኳት። ይህን እንድታውቂው ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። ቦርሳዋን እኔ ነኝ ያዘጋጀሁላት።»

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

በአርባኛው ቀን ጠዋት ዝላትካ የተስተካከለውን ፎቶ ይዛ መጣች። ትከሻው ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ግን ሌላ የወረቀት ክምር ጠበቃት። ቬኔታ የቆረጠችውን ግማሽ መጣል አቅቷት መሳቢያ ውስጥ ደብቃው ኖሯል፤ በፕላስተር ገጥማ ማተሚያ ቤት ወስዳዋለች። ሁለቱ ልጆች ጎን ለጎን ይስቃሉ፤ መሐላቸው የመቀሱ መሥመር ነጭ ሆኖ ወጥቷል። ግርጌው «እናቷ ቬኔታ፣ ካሊናዋ፣ አክስቷ ዝላትካ» ይላል።

«አብደሻል?» አለች ዝላትካ። «እኔን ከሷ በታች? ቤተሰቡን አዋረድሽው እኮ! ሎም ምን ይላል?»

«ሎም ያንብብ። ልጄም ማንበብ ትወድ ነበር።»

«በሕይወት እያለች ያላደረግሽውን ዛሬ ብታደርጊው ማን ሊያመሰግንሽ ነው?»

እህቷ በዚህ ልክ ነበረች። ቬኔታ ደብተሩን ገለጠችና እርሳስ አንስታ ሦስቱን ኮከቦች አየች። መጨመር የሷ ሥልጣን አልነበረም። እርሳሱን መልሳ አስቀመጠች፤ ወረቀቶቹንና የሙጫውን ቆርቆሮ ይዛ ወጣች።

መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ ዛፎቹ ላይ ለጠፈች። እማማ ፔና ከኋላዋ ቆመው ግርጌውን አነበቡና፣ አማትበው ሄዱ። መጨረሻ ላይ የሶፊያ አውቶቡስ የሚቆምበት ደረሰች። አንዱን ለጠፈችና ካሊናን ጠበቀች። አውቶቡሱ መጣ። አንድ ሽማግሌና ዘንቢል የያዙ ሁለት ሴቶች ወረዱ፤ በሩ ተዘጋ።

ከዳኑብ የሚመጣው ነፋስ ወረቀቱን አንቀሳቀሰው። የካሊና እጅ የራዶስቲናን ትከሻ የያዘበት ቦታ ሙጫው አልያዘውም፤ አየር ገብቶበት አብጧል። ቬኔታ ጓንቷን አወለቀች። እጁ ከትከሻው እንዳይላቀቅ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጣቷ በብርድ እስኪደነዝዝም አላነሳችውም።