የሚወድቀው ሰው

ጎራዴው የእንጨት ነበር። ነጭ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ፣ በወተት ማንቆርቆሪያውና በስኳር ዕቃው መካከል ተጋድሟል። ገሠሠ ጨርቁን ለማስተካከል ሲል በሁለት ጣቱ ብቻ አንሥቶ ወደ ጎን አደረገው፤ የሞተ አይጥ በጅራቱ ይዞ እንደሚጥል ሰው። ቀለሙ በቅጡ አልደረቀም ኖሮ ጣቶቹ ላይ ቡናማ ነገር ቀረ። በናፕኪን ጠረገና ናፕኪኑን እዚያው ጎራዴው ላይ ጣለው።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዳውንታውን አትላንታ በሚገኘው በዚህ ሆቴል ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሁለት መቶ ወንበሮች ተደርድረዋል። የደረደሩት ገሠሠና አብረውት የሚሠሩት አራት ሰዎች ናቸው፤ ከእነሱም አንዷ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር የሆነችው ዘሪቱ፣ ጥግ ላይ ቆማ ናፕኪን ታጥፋለች። ከየከተማው የተሰበሰቡ የሽያጭ ኃላፊዎች ቀኑን ሙሉ «የማይሸነፈው ሰው መንገድ» የተባለ ሥልጠና ይወስዱበታል። ዘመኑ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1986፣ ጃፓን በመኪናና በቴሌቪዥን አሜሪካንን ልትውጥ ነው የሚባልበት ነው። ስለዚህ እነዚህ ቦርጫቸውን በቀበቶ የወጠሩ ሰዎች የጃፓንን ምስጢር ፍለጋ፣ ከሞተ ሦስት መቶ አርባ ዓመት ያለፈውን ሙሳሺ የሚባል ጎራዴኛ ደጅ ሊጠኑ መጥተዋል። ገሠሠ በቁርስ ሰዓት ዶናት በሁለት እጃቸው ሲያነሡ አይቷቸዋል። እነዚህ ናቸው እንግዲህ የማይሸነፉት፣ አለ በልቡ።

ገሠሠ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ሲራመድ ግራ እግሩን በትንሹ የሚጎትት። ሰው ይንቃል። ንቀቱን በአፉ አያወጣውም፤ አጠገቡ የቆመ ሁሉ ግን ያውቀዋል፣ ክፍት በር ሳይታይ ብርዱ እንደሚታወቅ። ባልደረቦቹ ኩራት ነው ይሉታል። ኮርያ መዝመቱን ከሰሙ ወዲህ በሰሙት ላይ የየራሳቸውን እየጨመሩ «ጋሼማ ስንቱን የጣለ ሰው ነው» ይላሉ። አርሟቸው አያውቅም።

«ጋሼ ገሠሠ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

ወንዳፍራሽ ነው፤ የሆቴሉ የአዳራሽ መስተንግዶ ክፍል ሱፐርቫይዘር፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ክራቫቱን በየአምስት ደቂቃው የሚነካካ። ሰኞ ረዳት ማናጀር ይሆናል እየተባለ ይወራል። ገሠሠ ይህንንም ልጅ ይንቀዋል። ለፈረንጅ ሲስቅ ድዱ ይታያል፤ «ኖ ፕሮብሌም» የማይለው ነገር የለም።

«ሴትአፕ አድርገን ጨርሰናል» አለው ገሠሠ።

«እሱስ አምሯል። የአሠልጣኙ ረዳት ፍላይት ሚስ አድርጎ ነው። መድረክ ላይ እንደ ባላንጣ ሆኖ የሚቆምለት ሰው ይፈልጋል። ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ጎራዴውን ግንባርዎ ላይ ሲያደርሰው ይወድቃሉ። አይነካዎትም። ፍራሽ አነጥፍልዎታለሁ።»

«ለምን እኔ?»

«ቁመትዎን አይቶ ነው።» ወንዳፍራሽ ክራቫቱን ነካ። «ማናጀሩም ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስለ እኔ ብለው፣ ጋሼ።»

ገሠሠ እምቢ ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ የአሠልጣኙን ትያትር ከቅርብ የማየት ክፉ ፍላጎት አደረበት። «ይሁን» አለ።

አሠልጣኙ ብራድሊ ይባላል። ጥቁር ቀሚስ መሳይ ነገር ለብሶ በካልሲው ወጣ፤ የካልሲው ተረከዝ ሳስቷል። ድምፁ ግን መልካም ነው። ሙሳሺ ከስልሳ በላይ ሰው ገጥሞ አንድ ጊዜ እንኳ እንዳልተሸነፈ፣ ለፍልሚያ ወደተቀጠረባት ደሴት ሆን ብሎ አርፍዶ እንደሄደ፣ መቅዘፊያ ጠርቦ ጎራዴ እንዳደረገ፣ ባሕሩ ዳር ሲጠብቀው የቆየውን ባላንጣ በአንድ ምት እንደጣለው ተረከ። ሰዎቹ ይጽፋሉ። አንዱ «አርፍዶ መሄድ» ብሎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ሲያሰምር ገሠሠ ከበሩ አጠገብ ሆኖ አየው።

ይህን ታሪክ ከዚህ በፊት ሰምቶታል፤ ያውም ከሚያውቅ ሰው። በሃያ ሁለት ዓመቱ ኮርያ ላይ ቆስሎ ቶኪዮ ሆስፒታል አራት ወር ተኝቷል። የክፍሉን ወለል የሚወለውሉት ኦካዳ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ከዚያ በፊት የታሪክ መምህር የነበሩ። መወልወያቸውን ተደግፈው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያጫውቱት ነበር። ስለ ሙሳሺ በርግጥ የሚታወቀው እፍኝ አይሞላም ይሉ ነበር። በዚያች ደሴት ላይ ባላንጣው ከምቱ በኋላ ነፍስ ዘርቶ እንደነበር፣ የጨረሱትም ተደብቀው የቆዩ የሙሳሺ ተማሪዎች እንደሆኑ የሚናገር አንድ የቆየ መዝገብ አለ። ሙሳሺ ራሱ ሃምሳውን ካለፈ በኋላ ደግሞ፣ ያመፁ ገበሬዎችን ሊወጋ ሄዶ፣ ከምሽግ የተወረወረ ድንጋይ ቅልጥሙን መትቶት መቆም እንዳቃተው በገዛ እጁ ጽፏል።

«እኔ ግን ልጆቹን ይህን አላስተማርኩም» አሉት ኦካዳ አንድ ቀን። «ጋዜጣ ላይ በየቀኑ ይወጣ የነበረውን ልብ ወለድ ነው ያስተማርኳቸው። ያምራል። አርባ ሁለት ልጆች ነበሩ። የሚያምረውን ይዘው ወደ ጦርነቱ ሄዱ።»

ስንቱ እንደተመለሰ ገሠሠ አልጠየቀም። አዛውንቱም መወልወያቸውን ባልዲው ውስጥ ነክረው ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉ።

«አሁን ባላንጣውን ላስተዋውቃችሁ» አለ ብራድሊ ከመድረኩ።

ገሠሠ ነጭ የአስተናጋጅ ጃኬቱን እንደለበሰ ወጣ። አዳራሹ ፈገግ አለ። ማናጀሩ ፊት ለፊት እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ከገሠሠ ኋላ ወንዳፍራሽ ያነጠፈው ፍራሽ አለ። ብራድሊ ጮኸ፤ ጎራዴው አየሩን ቀዶ መጣና ከግንባሩ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ።

ገሠሠ አልወደቀም።

አስቦበት አይደለም። ሊወድቅ፣ ሊነሣ፣ ልብሱን አራግፎ በልቡ እየሳቀ ሊወርድ ነበር የወጣው። ጉልበቱ ግን እምቢ አለ። ያ ጉልበት አንድ ጊዜ ታዝዞለታል። ኮርያ ውስጥ፣ በአንድ ኮረብታ ምሽግ ላይ፣ ቻይናዎቹ ዘልቀው ሲገቡ፣ ምንም ሳይነካው ወድቋል። ከሞቱት መካከል ፊቱን አፈር ውስጥ ቀብሮ ተኝቷል። አብሮት የዘመተው ባልንጀራው መርዕድ አሥር እርምጃ ከማይሞላ ርቀት ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራው። አራተኛ አልጠራውም። እግሩን ያገኘው ፍንጣሪ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ሁሉም ነገር ካበቃ በኋላ ነው። ቁስሉን ያየ ሁሉ ግን የቀረውን ታሪክ ራሱ ሞላለት።

«ውደቅ እንጂ» አለው ብራድሊ በጥርሱ መካከል። ጎራዴውን መልሶ አነሣ። ይህኛው ምት ግንባሩን ነካው። ገሠሠ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፤ አሁንም እንደቆመ ነበር። ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ከወንበር ወደ ወንበር ተዛመተ። ብራድሊ እስከ አንገቱ ቀላ። ማናጀሩ አልሳቀም፤ ዞሮ ወንዳፍራሽን አየው።

ወንዳፍራሽ በሁለት እርምጃ መድረኩ ላይ ወጣ። «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ ገሠሠን በትከሻው ገፋ አድርጎ ቦታውን ያዘ። «የኛ ሰው ሥልጠናችሁን ከበር ላይ ሆኖ ሰምቶ አልሸነፍም ብሏል» አለ በእንግሊዝኛ፣ ድዱን አሳይቶ። አዳራሹ እንደገና ሳቀ፤ የአሁኑ ሳቅ ግን ማንንም አላቆሰለም። ብራድሊ መታ። ወንዳፍራሽ እንደተቆረጠ ዛፍ ወደ ኋላ ሄደ፤ ግማሽ ጎኑ ፍራሹን ስቶ ክርኑ ከመድረኩ እንጨት ጋር ተጋጨ። ድምፁ እስከ በሩ ተሰማ። ጭብጨባው ቀለጠ። አንዱ «እንደገና» አለ። ወንዳፍራሽ ተነሥቶ እንደገና ወደቀ።

ገሠሠ ከመድረኩ ወርዶ ከበሩ ሥር ሆኖ አየው። በሕይወቱ ሰውን እንደዚያች ደቂቃ ንቆ አያውቅም።

በምሳ ሰዓት ከወጥ ቤቱ ኋላ ባለው ኮሪደር አገኘው። የሳህን ሣጥን ላይ ተቀምጦ በናፕኪን የጠቀለለው በረዶ ክርኑ ላይ ይዟል።

«የሰኞው ሹመትህ ጸደቀልህ» አለው ገሠሠ። «መውደቅ የሚችል ሰው ምን ይቸግረዋል።»

ወንዳፍራሽ ቀና አላለም። «ሹመት የለም። ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፤ ሐሙስ ነው የነገሩኝ።»

«ታዲያ ማን አስገደደህ?»

«ከክሩው ሁለት ሰው ሌይኦፍ አድርግ፣ ከሥራ አሰናብት ተብያለሁ። ስሙንም የበላዮቹ ናቸው የጻፉት። ዘሪቱ በሆዷ፣ እርስዎ በእግርዎ። የዛሬው ደንበኛ ደስ ብሎት ከሄደና ሥልጠናውን በየወሩ እዚሁ ካደረገ ሁለቱንም እስከ ገና አቆይልሃለሁ ብሎኛል ማናጀሩ።» በረዶውን አገላበጠ። «ቁመትዎን አይቶ ነው ያልኩዎት ውሸት ነው። እኔ ነኝ ብራድሊን እሳቸውን ልስጥህ ያልኩት። ማናጀሩ፣ እርስዎ ቆመው፣ ወድቀው ሲነሡ እንዲያይ ፈልጌ ነበር። እንደሚያወራው ደካማ እንዳልሆኑ።»

አንዲት ሴት የሳህን ጋሪ እየገፋች አለፈች፤ እስክታልፍ ድረስ ሁለቱም ወደ ግድግዳው ተጠጉ።

«ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለ ገሠሠ።

«እንዴት አድርጌ? እርስዎ እኮ ይንቁኛል፣ ጋሼ።» ይህን ያለ ቅሬታ ነው የተናገረው፤ ስለ አየሩ ሁኔታ እንደሚያወራ። «መናቁንስ ይናቁኝ። ግን ለምን አልወደቁም? ምን ይጎድልብዎት ነበር?»

መልሱ ገሠሠ ምላስ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ክብር፣ ወታደር፣ ባንዲራ፤ እያንዳንዱ ቃል በየቦታው። ቢናገረው ወንዳፍራሽ ያምነዋል። ለዘሪቱ ይነግራታል፤ እሷ ለባሏ፤ ነገ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ በሐበሻው ሠፈር ሁሉ፣ ከዲኬተር እስከ ክላርክስተን የማይሰማ አይኖርም፤ ጋሼ ገሠሠ ሁለት ጊዜ ተመትቶ አልወደቀም ይባላል። ያምራል።

ግድግዳው አጠገብ ከተደራረቡት ወንበሮች አንዱን አወረደና ከልጁ ፊት ለፊት ተቀመጠ። በሥራ ሰዓት ተቀምጦ ሲያየው ለወንዳፍራሽ የመጀመሪያው ነው። በአዳራሹ በኩል ብራድሊ ማይክሮፎኑን ሲሞክር ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት።

«መርዕድ የሚባል ሰው ነበር» አለ ገሠሠ። «ኮርያ።»

ከዚያ ግራ እግሩን በእጁ አንሥቶ ወደ ፊት ዘረጋ። ወንዳፍራሽ ሰዓቱን አየ፤ ሥልጠናው ሊቀጥል አራት ደቂቃ ቀርቶታል። የቀለጠው በረዶ በክንዱ ላይ እየወረደ ነው። አልጠረገውም። የተቀመጠበትን ሣጥን በተረከዙ ወደ ፊት ሳብ አድርጎ ቀሪውን ጠበቀ።