የገጀራው ግራ ዓይን

በቱኩማን የስኳር አገር፣ ኤልፒዲዮ ማንሲሻ ሲያስነጥስ ሦስት መንደር ርቆ የተቀመጠ ሰው «ይማርህ» ይል ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ ከሸንኮራ ቆረጣ እንደተመለሰ፣ በፋብሪካው ዓመታዊ በዓል ላይ ለጨዋታ ያህል ጓንት አጥልቆ ከአንድ የፖሊስ አሥር አለቃ ጋር ገጠመ። ቡጢው አንድ ብቻ ነበር። አሥር አለቃው በማግስቱ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው «ባቡሩ ሄደ ወይ?» ብሎ ነው፤ በዚያ ከተማ ደግሞ የመንገደኛ ባቡር ኖሮ አያውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤልፒዲዮን ሰው ሁሉ ገጀራው አለው።

የሸንኮራ ጋሪ መዛኝ የነበረው ሽማግሌው ዶን ሲሪሎ ሚዛኑን ጥሎ አሰልጣኝ ሆነለት። ሁለቱ ተያይዘው በዘጠኝ ዓመት አምሳ አንድ ሰው ዘረሩ። በሮሳሪዮ የወደቀው ወድቆ የመድረኩን ሳንቃ ሰበረ። በሞንቴቪዴዮ የወደቀው ሲወድቅ የዳኛው የእጅ ሰዓት ቀጥ አለ፤ እስከ ዛሬም አልሠራም። መጀመሪያ የአርጀንቲና፣ ቀጥሎ የደቡብ አሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ቀበቶውን ይዞ ወደ ከተማው ሲገባ የፋብሪካው ፊሽካ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጮህ ዋለ፤ ላሞች ወተት ከለከሉ።

ስለ ፍርሃት የጠየቀው ሰው ቢኖር «እሱ ማነው? በየትኛው ክብደት ነው የሚጋጠመው?» ይል ነበር።

በሰኔ ወር አንድ ቺሌያዊ ሊገጥመው መጣ። አንገቱ የበሬ፣ ጠባዩ የበቅሎ ነው። በዘጠነኛው ዙር ተያይዘው ሲታገሉ የጓንቱን አውራ ጣት በኤልፒዲዮ ግራ ዓይን ውስጥ ሰደደ። ገጀራው በአሥራ ሁለተኛው ዙር አጋደመው። ዓይኑ እንደ ብርቱካን አብጦ፣ ቀበቶውን ታጥቆ አገሩ ገባ።

ወቅቱ የሸንኮራ ቆረጣ ነበር። ለቆረጣው እንዲራቆት ማሳው ሲቃጠል የቅጠሉ ጥላሸት ከሰማይ ይዘንባል፤ በታጠበ አንሶላ ላይ፣ በሾርባ ላይ፣ በሙሽራ ቬሎ ላይ። የአገሬው ሰው በዚህ አይገረምም፤ አራግፎ ያልፋል። ስለዚህ በግራ ዓይኑ ፊት ጥቋቁር ብናኞች መንሳፈፍ ሲጀምሩ ኤልፒዲዮ ዓይኑን ታጠበና ዝም አለ። በማግስቱም ታጠበ። ሚስቱ ዶራሊሳ በካሞሚል ውኃ አጠበችለት፣ በሻሿ ጫፍ አበሰችለት፣ እፍ አለችበት።

«ዘንድሮ ጥላሸቱ በዝቷል» ይላታል።

«አንተን ነው የሚወደው» ትለዋለች።

እንዲህ እየታጠበ አራት ወር አለፈ። በጥቅምት ቆረጣው አበቃ፤ ጭስ ማውጫው ዝም አለ። ትልቅ ዝናብ መጥቶ አገሩን አጠበው። ዶራሊሳ ግቢው ውስጥ አንሶላ ስታሰጣ ኤልፒዲዮ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይመለከታል። ጥላሸቱ ይወርዳል። መዳፉን ዘርግቶ ሊቀበለው ጠበቀ። መዳፉ ላይ ምንም አላረፈም።

«ዶራሊሳ፣ ዛሬ ማነው ሸንኮራ የሚያቃጥለው?»

አንሶላውን እንደያዘች ሰማዩን አየች። ጥርት ያለ ነው። ከዚያ ባሏን አየችው።

«ማንም» አለች።

በኮርዶባ ያገኙት የዓይን ሐኪም ኤልፒዲዮን ጨለማ ክፍል አስገብቶ ረጅም ጊዜ መረመረው። ሲጨርስ እጁን ታጠበና ነገሩን እንደ ሒሳብ አስረዳው። የግራው የውስጥ ሽፋን ከግድግዳው ተላቋል፤ ቶሎ ቢመጣ ይሞከር ነበር፤ አሁን መጋረጃው እየወረደ ነው፤ ይዘጋል። የቀኙም ሽፋን ስስ ነው። ራሱን በኃይል የሚመታው ሰው ካለ የቀኙም ሊከተል ይችላል።

«ምን ሥራ ነው የምትሠራው?» አለው ሐኪሙ ቦክስ የማያይ ሰው ነበርና።

«ሸንኮራ ቆራጭ ነኝ» አለ ኤልፒዲዮ። ሕይወቱን ሙሉ ስሙን ሰው ስላላወቀለት ደስ ያለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ለማንም ላለመናገር ከዶራሊሳ ጋር ተማማሉ፤ እሷ ግን እያለቀሰች ነው የማለችው። አምሳ አንድ ሰው ያጋደመው ሰውዬ በሩን ይፈራ ጀመር። በር ሲያልፍ ግራ ትከሻውን በግድግዳው እያሻሸ ነው፤ ከዚያ በኩል ማንም እንዳይመጣበት። መንገድ ሲሻገር አንገቱን እንደ አውራ ዶሮ እያዞረ ነው። አንድ ቀን የጎረቤት ቡችላ በግራ በኩል መጥታ እጁን ብትልሰው ዘሎ ቅርጫት ሙሉ ኤምፓናዳ፣ የአገሩን ሳምቡሳ፣ ደፋ። የከተማው ሰው ግን ነገሩን በሌላ ተረጎመው። በግራው የሚያልፈውን ስለማያይ ሰላም አይልም፤ ስለዚህ ኮራ አሉ።

«ሻምፒዮናችን ሰላምታውን ለቀኝ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ግራዎቹ ቀጠሮ እንያዝ» አለች ዳቦ ሻጭዋ። ሱቁ ሙሉ ሰው ሳቀ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ኩራተኛ መባል ተሽሎት።

በታኅሣሥ ከወይን አገሩ ከሜንዶሳ ከሚመጣው ሩፊኖ ጋር በገዛ ከተማው ስለ ቀበቶው ሊጋጠም ውሉ ቀድሞ ተፈርሞ ነበር። ከውድድሩ በፊት የፋብሪካው ክሊኒክ ይመረምራል። ደግነቱ ዶራሊሳ ክሊኒኩን የምታጸዳው ራሷ ናት፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊደል ሠንጠረዥ በስኳር ከረጢት ወረቀት ገልብጣ አመጣችለት። እንደ ጸሎት አጠናው። በምርመራው ቀን ቀኝ ዓይኑን ሸፍኖ ከትልቁ ፊደል እስከ ጉንዳኗ ፊደል አወረደው፤ እንዲያውም ከታች የታተመውን የማተሚያ ቤቱን አድራሻ ጨመረበት። ወለል የምትወለውለው ዶራሊሳ በመወልወያው እግሩን ባትወጋው ስልክ ቁጥሩንም ይል ነበር።

«የንስር ዓይን» ብሎ ጻፈለት ሐኪሙ።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በልማዱ መሠረት፣ የሁለቱም ወገን ሰዎች ጓንት ለመምረጥ በክለቡ ግቢ ተገናኙ። ከዛፉ ሥር ክብ ሠርተው ተቀመጡ። የሩፊኖ አሰልጣኝ ዶን ጋስፓር ሰባ ዓመት የሞላው፣ ከኪሱ ጥርስ ማጽጃ የማይለይ ቀጭን ሰው ነው።

«ዛሬ ማቴውን እኔ ልቅዳ። እንግዳ ቢያስተናግድ ነውር አለው?» አለ።

«እሰይ፣ እጃችን ይረፍ» አለ ዶን ሲሪሎ።

ጋስፓር የማቴ ቅጠል ያለበትን ቅል በሙቅ ውኃ እየሞላ ለየሰው በተራ ይሰጣል፤ የተሰጠው በመምጠጫው ጠጥቶ ቅሉን ይመልሳል። በዚያ አገር የተዘረጋልህን ማቴ ሳትቀበል በሰው እጅ ላይ ማንጠልጠል በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። ለዚህ ሲባል የተፋቱ ባልና ሚስት፣ የተቃጠለ ጎተራ አለ።

ኤልፒዲዮ ስለ ጓንት ክብደት ሲያወራ ነበር። ድንገት ሰው ሁሉ ዝም አለ። እሱም ዝም አለ። ከፊቱ ያሉትን አየ፤ ሁሉም የሚያዩት ወደ እሱ ነው፤ እሱን ግን አይደለም፤ ከእሱ ጎን ያለ አንድ ነገር ነው። ምን እንደሆነ አላወቀም። መንቀሳቀስ ፈራ፤ ሳይንቀሳቀስ መቅረትም ፈራ።

«ምነው ሻምፒዮን፣ መርዝ መሰለህ እንዴ?» አለ ከግራው የመጣ ድምፅ። ጆሮው ሥር ነበር።

ፊቱን ሙሉ በሙሉ አዞረ። ቅሉ ከጉንጩ አንድ ስንዝር ላይ ተዘርግቷል። ቡጢ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ወድቋል።

«ከሜንዶሳ ሰው እጅ አልጠጣም» አለ ምላሱ እንደመጣለት። «ውኃውንም ወይን ታደርጉታላችሁ፤ እኔ ደግሞ ሚዛን ላይ መውጣት አለብኝ።»

ክቡ በሳቅ ፈረሰ። ዶን ሲሪሎ ግን በነውሩ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ጋስፓር ከሁሉም ይልቅ ረጅም ሳቀ፤ ቅሉን ራሱ መጠጠው፤ እየመጠጠ የኤልፒዲዮን ግራ ዓይን ያይ ነበር። ሲሰናበት በግራ በኩል ዞሮ መጣና ድምፁን ሳያሰማ ትከሻውን መታ አደረገው። ገጀራው የጋለ ብረት እንደነካው ሰው ዘለለ።

«አይዞህ» አለው ጋስፓር በለሆሳስ። «ሁላችንም እናረጃለን።»

ቤት ገብቶ በሩን ከዘጋ በኋላ ለዶራሊሳ «ያውቃል» አላት።

«እንግዲያ ከውድድሩ ቅር።»

«ምን ብዬ?»

«ዓይኔ ብለህ።»

«ለአንድ ዓይና ሰው ገጀራ ማን ይሰጠዋል? የገዛ እግሩን ይቆርጣል ብለው ከማሳው ያባርሩኛል። ቡጢ የለም፣ ቆረጣ የለም። ምን ልሆን ነው?»

«ሁለቱም ከጠፉስ?»

ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

«እኔ እጅህን ይዤ መምራት እችላለሁ» አለች። «ምግብህን እቆርስልሃለሁ፣ ሸሚዝህን እመርጥልሃለሁ፤ አያቅተኝም። አንተ ግን ትችለዋለህ?»

አልቀረም። እሑድ በአሥር ሰዓት፣ ድንጋይ በሚያቀልጥ ፀሐይ፣ በእግር ኳስ ሜዳው መካከል በተሠራው መድረክ ላይ ወጣ። ስድስት ሺህ ሰው በሚኖርበት ከተማ ሠላሳ ሺህ ሰው ተገኘ፤ ከመቃብር ሥፍራም ሳይመጡ አልቀሩም።

ደወሉ እንደተመታ ሩፊኖ ወደ ኤልፒዲዮ ግራ ዞረ። ጋስፓር ከታች ሆኖ በጣቱ ክብ እየሠራ ያሳያል። ኤልፒዲዮ ሲዞር ሩፊኖም ይዞራል፤ ሰውዬው አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። ቡጢው ሲነሳ አይታይም፤ ሲያርፍ ብቻ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ኤልፒዲዮ በጆሮው ተዋጋ፤ የጫማውን ፋቅታ፣ የትንፋሹን ፉጨት እየተከተለ። በሁለተኛው ዙር በፋቅታው ልክ የላከው ቀኝ እጁ ሩፊኖን በቂጡ አስቀመጠው፤ የጩኸቱ ንፋስ የፋብሪካውን ቆርቆሮ አነሳ። በስድስተኛው ደገመው። ግን ሠላሳ ሺህ ሰው ሲጮህ የጫማ ፋቅታ አይሰማም፤ ሕዝቡ በደገፈው ቁጥር ያጨልምበት ነበር። ዝም እንዲሉለት ሊለምናቸው ፈለገ።

በአሥረኛው ዙር ከጨለማው የመጣ ቡጢ ጆሮ ግንዱን አገኘው። አልወደቀም። ግን በቀኝ ዓይኑ ጥግ፣ ደመና በሌለበት ሰማይ፣ መብረቅ ብልጭ አለ። ራሱን ነቀነቀ። እንደገና ብልጭ አለ። የቺሌው ሰው የመታው ዕለትም ግራው እንዲሁ በመብረቅ ነበር የጀመረው።

ደወሉ ሲመታ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ዶን ሲሪሎ ስፖንጁን ይዞ ጎንበስ አለ።

«እየመራህ ነው ልጄ። ሁለት ዙር ነው የቀረህ። ከእሱ እየሸሸህ ብቻ ዙሩን ጨርስ፤ ቀበቶው ያንተ ነው።»

«ዶን ሲሪሎ፣ አላይም።»

«ላብ ነው፤ ቆይ ልጥረግልህ።»

«ላብ አይደለም። ግራዬ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን ቀኜም ጀመረ።»

ስፖንጁ በሽማግሌው እጅ ላይ ቀረ፤ ውኃው በኤልፒዲዮ ጉልበት ላይ ይንጠባጠባል።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ያስቆሙኛል ብዬ ፈራሁ።»

«አሁንስ?»

«አሁን አያስቆሙኝም ብዬ ፈራሁ።»

ዶን ሲሪሎ ስፖንጁን ባልዲው ውስጥ ጣለ። በገመዱ መሃል ሾልኮ ገብቶ በዳኛው ፊት «ይቁም» እያለ ሁለት እጁን አወናጨፈ። ዳኛው ሳይገባው ደግሞ ጠየቀው። ከዚያ ሄዶ የሩፊኖን እጅ አነሳ።

ሜዳው ጸጥ አለ። ኤልፒዲዮ በሕይወቱ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቶ አያውቅም፤ ሠላሳ ሺህ ሰው ትንፋሹን ይዞ ቆሟል። ከዚያ አንድ ሰው ከኋላ፣ ረጋ ባለ ድምፅ «ፈሪ» አለ። ቃሉ ከወንበር ወንበር ተሻገረ። ሳንቲም መወርወር ጀመረ። ኤልፒዲዮ በግራው የሚመጣውን አያይም፤ ሳንቃው ላይ ሲንጫረር ብቻ ይሰማል። እያንዳንዱ ድምፅ በመጣ ቁጥር ቀኝ ዓይኑን በሁለት ጓንቱ ይከልላል። ጀግናው ገጀራ፣ ሕዝብ እያየው፣ በርጩማ ላይ ኩርምት ብሎ ፊቱን ሸፈነ።

የሴት ጫማ ደረጃውን ሲወጣ ሰማ። ዶራሊሳ በግራው ቆመች። ሳንቲም ትከሻዋን ሲመታት ይሰማዋል፤ እሷ ግን አልተነቃነቀችም።

«ተነስ፣ እንሂድ።»

«ስንት ደረጃ ነው?»

«አራት። ያዘኝ።»

በእግሩ ጫፍ እየዳበሰ ወረደ። በአራተኛው ላይ መሬት መድረሱን ሳያምን ቆየ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀ፤ የሚሳደበውም ሲቀርቡት ዝም ይላል፤ የሻምፒዮኑ እግር መሬቱን ሲዳብስ አይቶ። ከመውጫው አጠገብ ዶራሊሳ አቆመችው፤ መሐረብ አወጣች።

«ላብህ ዓይንህ ውስጥ እየገባ ነው። ጨፍን፣ ልጥረግልህ።»

«አልጨፍንም።»

«ለአንድ አፍታ።»

«ሳልጨፍን ጥረጊው» አለ። ጨዉ ያቃጥለዋል፣ እንባው ይወርዳል፤ እሱ ግን የቀኝ ዓይኑን በልቅጦ፣ ሳያርገበግብ፣ ፊቷን ያይ ነበር።