ሎርና ከመግባቷ በፊት ትጠይቃለች

...የኢንሹራንሱ ስልክ ሙዚቃ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ ጥሪዎ ለእኛ ክቡር ነው ይላል፣ ክቡር ከሆነ አንሱታ! ሎርና ስልኩን በጉንጯና በትከሻዋ መሃል ሰክታ የቆመ መኪናዋን መሪ በቀኝ እጇ ጨብጣለች፣ ግራው ከጠዋት ጀምሮ ደንዝዟል፣ ደረቷ ላይ ሰው የተቀመጠባት ይመስላታል፣ የድንገተኛ ክፍሉ በር ደግሞ ቢበዛ ሃያ እርምጃ ነው። ሃያ እርምጃ። ግን ይህን ሆስፒታል ኢንሹራንሷ ይቀበለው አይቀበለው ሳታረጋግጥ አትገባም፣ አንዴ ሳትጠይቅ ገብታ ሁሉንም ከኪስሽ ክፈይ ተብላ ጉዷ ፈልቷል፣ የአምቡላንስማ ክፍያው ጨርሶ አይታሰብም፣ እዚህ ቶሊዶ ሰው እየታመመም ራሱ ነድቶ ነው የሚመጣው።

የሚያበግናት ያ የግላስጎው ነገር ነው። ባለፈው ሐምሌ እዚያ የምትኖረውን ልጇን ቴስን ልትጠይቅ ባሕር ተሻግራ ሄዳ ደረጃ ላይ ተንሸራትታ እጇን ተሰበረች፣ አምስት ሰዓት ጠበቀች፣ እሱን አትክድም፣ ወንበሩ ጎርባጣ፣ ጣሪያው የሚያፈስ፣ ግን በጄሶ ጠቅልለው በይ ሂጂ አሏት፣ እሷ የባንክ ካርዷን ይዛ ከኮሪደር ኮሪደር ትዞራለች፣ ምን ጠፍቶሽ ነው የኔ እናት? አለቻት አንዲት ነርስ፣ የምከፍልበት መስኮት፣ ነርሷ ሳቀች፣ እሱ እንኳ እዚህ የለም፣ አይከፈልም፣ መውጫው በዚያ ነው። ቴስ በሳቅ ፈረሰች። ሎርና ግን የሆነ ነገር ሰርቃ የወጣች ይመስል እስከ መንገዱ ድረስ ዞር ዞር እያለች ታይ ነበር፣ አሁንም ስታስበው ታፍራለች።

ባሏ ዱዌን ይህን ሲሰማ፣ እዚያ ወረፋ ስትጠብቂ ነበር የምትሞቺው ብሎ አፌዘባት። እዚህስ ምን እያደረገች ነው?

ሙዚቃው ይቋረጣል፣ አንዲት ልጅ ታነሳለች፣ ሄሎ፣ እንደምን ዋሉ እመቤት፣ የልደት ቀንዎን ይንገሩኝ፣ ትነግራታለች፣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ልጅቷ ኮምፒውተሯን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች፣ ይቅርታ፣ ሆስፒታሉ ዝርዝራችን ውስጥ የለም፣ ድንገተኛ ከሆነ ግን ይሸፈናል፣ ድንገተኛ ነው እመቤት?

እኔ ምን አውቄ! የተማሪ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፣ ቃር ቢሆንስ፣ ትናንት ማታ የበላሁት ቋሊማ ቢሆንስ፣ ቃር ከሆነ አንከፍልም ይሉኛል፣ ልብ ከሆነ... እመቤት፣ ይሰሙኛል? ልብ ከሆነ ይከፍላሉ።

ስልኩን ወንበሩ ላይ ትጥላለች፣ በሩን ትከፍታለች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ፣ የኢንሹራንስ ካርዷ እጇ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ምን እያለች እንደሆነ ለራሷም የሚሰማት በሩ ጋ ስትደርስ ነው፣ ጌታዬ ልቤ ይሁን፣ አደራህን፣ ልቤ ይሁን።