ሴት በሴት አይለወጥም

ኡሙልኸይር በወንድሟ በሙራድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የልብስ ስፌት መኪናዋን ዘርግታ ከተቀመጠች ስድስት ዓመት ሆኗታል። መቱ ውስጥ ለልጁ ዩኒፎርም ማሰፋት የፈለገ ወላጅ እሷን አልፎ ሌላ ጋ አይሄድም። አባታቸው ሲሞት እሷ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሙራድ ደግሞ ሃያ አንድ። ትምህርቱን ጥሎ ሱቁን የያዘው፣ እሷን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሳት፣ መኪናውንም የገዛላት እሱ ነው። ስለዚህ "ጋሼ" ስትለው ከልቧ ነበር።

አንድ ዝናባማ ረቡዕ ለምሳ እንደተቀመጡ ሙራድ እጁን ሳይታጠብ ወሬውን ጀመረ።

"ኡሙ፣ የምሥራች! ከሙዘይን ጋር ጨርሰናል።"

ሙዘይን ኡካ ላይ ሱቅ ያለው፣ ዕቃ ለመጫን በየሳምንቱ መቱ የሚመጣ ጓደኛው ነው። ኡሙልኸይር ከሰላምታ በቀር ከእሱ ጋር ቃል ተለዋውጣ አታውቅም።

"ምኑን ጨረሳችሁ?"

"እኔ እህቱን ኢክላስን አገባለሁ፤ እሱ አንቺን። በአንድ ቀን፣ በአንድ ድግስ። ከዚህ የተሻለ ዝምድና ከየት ይመጣል?"

እናታቸው ኸዲጃ የያዘችውን ጎድጓዳ ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ቀድማ እንዳልሰማች ፊቷ ይናገራል።

"መህሬስ?" አለች ኡሙልኸይር። ባል ለሚስቱ የሚሰጠው የጋብቻ ስጦታ ለምን መጀመሪያ እንደመጣላት እሷም አላወቀችም።

ሙራድ ሳቀ። "እሱ ለእኔ አይከፍልም፣ እኔም ለእሱ አልከፍልም። ያንቺ መህር ኢክላስ ናት፤ የኢክላስም መህር አንቺ ነሽ።"

"ታዲያ እኔ እጅ ላይ ምን ይገባል? ኢክላስ የምትገባው አንተ ቤት ነው።"

ሙራድ ፊቱ ጠቆረ። "አሳድጌሽ፣ አስተምሬሽ፣ አሁን ልትከራከሪኝ ነው? ቃሌን ሰጥቻለሁ" ብሎ ምሳውን ሳይበላ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

እሷም ከዚያ በኋላ እህል አልቀመሰችም። ወንድሟን ትወደዋለች፤ ውለታው ከብዷታል። ነገር ግን በውለታ ስም ሕይወቷ እንደ ጣቃ ጨርቅ ተለክቶ ሲሰጥ ዝም ብላ ልታይ አልቻለችም። ከአሱር ሶላት በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ ለሴቶች ደርስ፣ የሃይማኖት ትምህርት፣ ወደሚሰጡት ወደ ሼህ ቃሲም ቤት ሄደች።

ሼሁ እስክትጨርስ አላቋረጧትም። "ልጄ፣ ይሄ ሺጋር ይባላል" አሏት። "ነቢያችን ከልክለውታል። አንዱ እህቱን ወይም ልጁን የሚሰጠው ሌላው የራሱን እንዲሰጠው ነው፤ መህር የሚባል የለም። ሴቶቹ ራሳቸው የዋጋውን ቦታ ይይዛሉ። ሴት በሴት አይለወጥም።"

"ለይስሙላ ትንሽ መህር ቢያደርጉበትስ?"

"አንዱ ኒካህ በሌላው ላይ እስከተንጠለጠለ ድረስ እኔ አላስርም። እያንዳንዱ ለየብቻው ይታሰር፤ ሴቷ መህሯን ታግኝ፤ ፈቃዷም ይጠየቅ። ይልቅ ዛሬውኑ ለወንድምሽ ልንገረው?"

"ጥቂት ቀን ይታገሱኝ፣ ሼሃችን። መጀመሪያ ልጅቷን ልያት። እኔ ለራሴ ብቻ እምቢ ብል ስለ እሷ ማን ይናገራል?"

ቅዳሜ ጠዋት ለእናቷ እውነቱን ነግራ ወደ ኡካ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች። "ወንድምሽ ቢሰማ?" ስትላት "ስመለስ ራሴ እነግረዋለሁ" አለቻት። ኡካ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ተሳፋሪው ወርዶ ሲገፋ፣ ሲጣላ፣ ሲሳሳቅ ትንሽ ጠበቀች፤ መላ እንደሌለው ስታይ ጫማዋን በእጇ ይዛ በእግሯ ገሰገሰች።

ሙዘይን እንደ ልማዱ ዕቃ ሊጭን መቱ ወርዶ ነበር። ሱቁ ውስጥ ያገኘቻት ሳሙና የምትደረድር ቀጭን ልጅ ናት።

"ምን ልስጥሽ?" አለቻት ልጅቷ፣ እግሯ ላይ ያለውን ጭቃ እያየች።

"ኢክላስ ነሽ? ኡሙልኸይር እባላለሁ። የሙራድ እህት ነኝ።"

ኢክላስ ሳሙናውን ለቀቀችው። ወዲያው ግን ፊቷ በራ፤ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥታ አቀፈቻት። ኡሙልኸይር መንገድ ለመንገድ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። የሚያለቅስ ሰው ነበር የጠበቀችው።

"ሙራድን ትፈልጊዋለሽ?" ብላ ጠየቀቻት።

"ሁለት ዓመት ጠብቄዋለሁ!" አለች ኢክላስ አንገቷን ደፍታ። "ወንድሜ ሊሰማኝ ፈቃደኛ አልነበረም። አሁን አንቺን ስለሚያገኝ እሺ አለ።"

"እኔ ግን ሙዘይንን አላገባም።"

ኢክላስ ክንዷን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት። "አታበላሺብኝ! እምቢ ካልሽ እኔንም ያስቀረኛል። ሙዘይን ክፉ አይደለም፤ አይጠጣም፣ አይማታም፣ ምን ጎደለው?"

"ምንም አልጎደለውም። እኔ አልፈቀድኩም፣ እሱ ነው ነገሩ። ካንቺ ደስታ ጋር ጠብ የለኝም፣ ኢክላስ። አንድ ላይ አስረውናል፤ ማሰሪያውን ፈተን አንቺ ወደምትፈልጊው ሂጂ ነው የምልሽ።"

"ባይፈታስ? ያንቺ እምቢታ እኔን ገደል ይከተኛል!"

 ኢክላስ እውነቷን ነው። በዚህ መሃል ከጓዳው አንዲት ጠይም ሴትዮ ወጡ። የኢክላስ አክስት እትዬ ዙልፋ ናቸው፤ ከወንድማቸው ልጆች ጋር ሲኖሩ ሃያ ምናምን ዓመት ሆኗቸዋል። ሁሉንም ሰምተዋል።

"ኢክላስ፣ እኔ እዚህ ቤት ለምን እንደምኖር ታውቂያለሽ?"

"ባልሽ ስለፈታሽ ነዋ።"

"ለምን እንደፈታኝስ? አባትሽ እናትሽን ያገባት እኔን ለወንድሟ ሰጥቶ ነው። አንድ ጊዜ አባትሽና እናትሽ ተጣሉ፤ እሷ ወደ ወላጆቿ ሄደች። በሳምንቱ ባሌ 'እህቴ ከተመለሰች የእነሱም ትመለስ' ብሎ ሸኘኝ። ከእኔ ጋር አንድም ቀን ተጣልቶ አያውቅም። ሁለት ልጆቼን እዚያው ተውኩ። እናትሽ ከወር በኋላ ታርቃ ገባች፤ አንቺም ተወለድሽ። እኔን ግን ያስታወሰኝ የለም፤ እሱ ሌላ አግብቶ ነበር።"

ኢክላስ አክስቷን አፏን ከፍታ አየቻቸው። ዕድሜ ልኳን አብራቸው ኖራ ይሄን አልሰማችም። የኡሙልኸይርን ክንድ ለቀቀችና "ምን እናድርግ?" አለች።

ኡሙልኸይር የዚያኑ ዕለት ማታ ቃሏን አክብራ ለሙራድ ነገረችው። ሱቅ ሊዘጋ ሲል ቁልፉ በእጁ እንዳለ ነበር። ኡካ ሄጄ ነበር፣ ነገሩም ሺጋር ነው ስትለው "ሼህ ሆንሽብኝ?" ብሎ ጮኸባት። ኢክላስ ለሁለት ዓመት እንደጠበቀችው ስትነግረው ግን ቁልፉን አስቀምጦ ተቀመጠ። እሷም "የሚቀጥለው እሑድ ሼህ ቃሲም ይመጣሉ፤ ሙዘይንን ጥራው" ብላው ወደ ቤት ገባች።

እሑድ ሙዘይን ከእህቱና ከአክስቱ ጋር መጣ። ሴቶቹን ማምጣት አልፈለገም ነበር፤ እትዬ ዙልፋ ግን ሳይጠሩ ቀድመው ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁት። ሼሁ ነገሩን በአጭሩ አስረዱ። ሙራድ አንገቱን ደፋ። ሙዘይን ፊቱ ቀላ።

"እንግዲህ ልጅቷ ንቃኛለች ማለት ነው" አለ።

"አልናቅኩዎትም" አለች ኡሙልኸይር። "ለብቻዬ ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ አስቤ እመልስልዎት ነበር። ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ቢጠይቁኝ መልሴ አይሆንም ነው። ቢቆጡም፣ ወንድሜ ከቤት ቢያስወጣኝም ያው ነው።"

"በቃ! ኢክላስም አትሄድም" ብሎ ሙዘይን ከመቀመጫው ተነሣ።

"ተቀመጥ" አሉት እትዬ ዙልፋ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "አባትህ እኔን ሰጥቶ እናትህን ሲያመጣ ማንም ተቀመጥ ያለው የለም። ዛሬ እህትህን እኔን ልታደርጋት ነው?"

ሙዘይን ቆሞ ቀረ። አክስቱን አየ፤ እህቱን አየ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያጎረሱት፣ ሲታመም ያስታመሙት እሳቸው ናቸው፤ የራሳቸው ልጆች የት እንዳሉ ጠይቋቸው አያውቅም። ተመልሶ ተቀመጠ።

"ጊዜ ስጡኝ" አለ ብቻ።

ጊዜው ሁለት ወር ፈጀ። በእነዚያ ሁለት ወራት ሙራድ ከእህቱ ጋር ከሱቅ ጉዳይ በቀር አይነጋገርም ነበር። ሰፈሩም አልማራትም፤ "የወንድሟን ሠርግ ያፈረሰች" እያሉ አሟት። እሷ ማለዳ ማለዳ መኪናዋን ታወጣለች፣ ትሰፋለች፣ አርብ አርብ ለኢክላስ ትደውላለች። "አይዞሽ፣ አልተውኩትም" ትላታለች። በመጨረሻ እናቷንና ሼህ ቃሲምን ይዛ ለወንድሟ ሽምግልና ኡካ ወጣች። ሙዘይን ሲያያቸው ገና ከደጅ "ግቡ፤ ለኢክላስ ብቻ ከሆነ የመጣችሁት ግቡ" አላቸው።

የሙራድና የኢክላስ የጋብቻ ውል፣ ኒካሁ፣ ሲታሰር ሼሁ ሁለት ምስክሮች ወደ ኢክላስ ልከው ፈቃዷንና መህሯን አስጠየቁ። ኢክላስ ፈቅጃለሁ ብላ ጥጃ ያላት ላም ጠየቀች። ሙራድ ሳያንገራግር እሺ አለ፤ ላሟም በኢክላስ ስም ሆነች።

ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ከሰዓት ሙራድ በረንዳው ላይ፣ ከእህቱ መኪና አጠገብ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ።

"አንድ ሰው ስላንቺ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። ምንም አላልኳቸውም፤ ጠይቄያት እመልሳለሁ ነው ያልኳቸው።"

ኡሙልኸይር እግሯን ከመርገጫው አነሳች።

"ማን ነው? እስቲ ከመጀመሪያው ንገረኝ።"