ቦታ ያዝልኝ

«መጡ እንዴ?» አለች እናትነሽ፣ ከፍራሹ ላይ ግማሽ ተነስታ።

«አይደሉም፤ ለቀስተኛ ነው። ይቀመጡ እትዬ» አለቻት ንጋቷ። ንጋቷ ከሟቹ ልጇ ከባየው ጋር በአንድ የፓርኪንግ ማህበር የምትሠራ ልጅ ናት። ከቀብሩ ወዲህ ከእናትየው አጠገብ አልተለየችም።

እናትነሽ ተቀመጠች፤ ዓይኗን ግን ከድንኳኑ በር አላነሳችም። በሩ ላይ ሁለተኛ ልጇ እሱባለው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ቆሟል። ባየውን በመኪና ገጭቶ የገደለው ምህረቱ በዋስ ተለቆ፣ ዛሬ ከሽማግሌ ጋር ይቅርታ ሊጠይቅ እንደሚመጣ ከሰማ ጀምሮ እሱባለው እህል አልቀመሰም። ብላ ሲሉት መልሱ አንድ ነው።

«ይምጣ። ይምጣ ብቻ።»

እናትነሽ አንዱን ልጇን ቀብራለች። ይሄኛውን ደግሞ እጁ በካቴና ታስሮ፣ የፖሊስ መኪና ላይ ሲጭኑት ይታያታል። ዓይኗን ስትጨፍን ይብስባታል።

ውጭ ክላክስ ተነፋ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ሾፌሮች ጠባቡን መንገድ ዘግተውት ኖሯል።

«ኧረ ያችን ኮሮላ ወደ ኋላ መልሳት!»

«ወዴት ልመልሳት? አንተ ላይ?»

«ባየው ቢኖር ጆሮህን ይዞ ነበር የሚያስወጣህ።»

«እኔን ብቻ? የገዛ አጎቱን ባጃጅ አስነስቶ የለም እንዴ!»

ጥግ ይዘው ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ሳቁ። ወዲያው እናትየውን አዩና ካርታቸው ላይ አቀረቀሩ።

እውነታቸውን ነው። ባየው ደብረ ብርሃን መሀል፣ ገበያው ዳር ያለውን መንገድ ሲቆጣጠር ለማንም ቦታ ይዞ አያውቅም። ቀድሞ የመጣ ያቆማል፤ አለቀ። እሱባለው ከደብረ ሲና የሚመላለስ ሚኒባስ ስለሚነዳ፣ ማታ ራት ላይ ሁልጊዜ በዚህ ይጨቃጨቁ ነበር።

«ወንድሜ እዚያ ቆሞ እያለ እኔ ቦታ ፍለጋ ከተማውን ሦስቴ ልዙር?»

«አራተኛም ዙር» ይለዋል ባየው፣ ከጉርሻው ቀና ሳይል። «ላንተ ከያዝኩ ነገ ሌላውን በምን አፌ ተነስ እለዋለሁ?»

እናትነሽ ግን ባየውን የምትጨቀጭቀው ስለ ሌላ ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት ቢጫ ሰደርያውን አጥልቆ ሲወጣ እስከ ደጅ ትከተለዋለች። «ልጄ፣ ከመኪና ኋላ እንዳትቆም።»

«እማዬ፣ ሰውን ከኋላ ዞር በሉ እያልኩ ስጮህ የምውለው እኔ አይደለሁ?» ብሎ ይስቅባታል።

ታዲያ እሱ እንዴት? ከሁሉም ሰው እሱ?

«ንጋቷ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንቺ እዚያው ነበርሽ። ልጄ እንዴት ለመኪና ጀርባውን ሰጠ?»

«ይተዉኝ እትዬ።»

«ንገሪኝ። ከማስበው አይብስም።»

ንጋቷ ዙሪያዋን አየች። «ቦታ ይዞ ነበር። ሌላ መኪና እንዳይገባበት ባዶው ቦታ መሀል ቆሞ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። የምህረቱ ፒካፕ ጭድ ጭኗል፤ ኋላው አይታይም። ቦታው ባዶ ስለመሰለው ወደ ኋላ እየነዳ ገባ። እኔ ጮህኩ። የገበያ ቀን ነው እትዬ፣ ማን ይሰማኛል?»

«ባየው? ለማን ብሎ ነው ቦታ የያዘው?»

ልጅቷ በዓይኗ ብቻ ወደ በሩ አመለከተች።

«ደወለለት። ጣርማበር ዳገት ላይ ጉሙ አድክሞኛል፣ ዛሬን ብቻ ቦታ ያዝልኝ አለው። ባየው ስልኩን ዘጋና ‹ወንድሜ አይደል፣ ለአንድ ቀን ምን አለበት› አለኝ።»

እናትነሽ ወደ በሩ አየች። የልጇ ጋቢ ይንቀጠቀጣል። እስካሁን ንዴት ይመስላት ነበር።

ልትነሳ ስትል ውጭ ያለው ወሬ ድንገት ቀጥ አለ። አንድ ሰው «መጡ» አለ።

ጋሽ ወልደጻድቅ ሌሎቹን ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ። ከኋላቸው ምህረቱ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ባዶ እግሩን፣ ወደ መሬት ጎንበስ ብሎ ይራመዳል። ጉልበቱ መሬት ሳይነካ እሱባለው ጋቢውን ጣለ። በሩ አጠገብ ከተከመረው ማገዶ አንዱን ፍልጥ መዞ አነሳ።

እናትነሽ የሚያማትን ጉልበቷን ረሳችው። ሰዉን እየገፋች ደርሳ የልጇን ክንድ በሁለት እጇ ጨመደደች።

«ልቀቂኝ እማዬ!»

«አለቅህም።»

«እሱ ነው የገደለው! ልቀቂኝ፣ እሱ ነው!»

«እሱባለው» አለችው፣ አፏን ጆሮው ላይ አድርጋ። «ንጋቷ ነግራኛለች።»

ክንዱ እጇ ውስጥ ዛለ። ፍልጡ እግራቸው ሥር ወደቀ። እሱባለው ወደ ምህረቱ ማየቱን ተወና ወደ እናቱ ዞረ።

«እኔ ነኝ የደወልኩለት» አለ በሹክሹክታ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ…»

«ምን አለ ልጁ?» አሉ ጋሽ ወልደጻድቅ፣ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ወደ እነሱ ያያል።

«ምንም አላለም። ወንድሙን እየጠራ ነው» አለች እናትነሽ።

የእሱባለውን ራስ ስባ ደረቷ ላይ አስደገፈችው፤ ማንም ፊቱን እንዳያይ ጥቁር ነጠላዋን ዘርግታ አለበሰችው። ከነጠላው ሥር ልቅሶው ሲፈነዳ ተሰማት። በትከሻው ላይ አሻግራ ምህረቱን አየችው። ከድንጋዩ ሥር ቀና ለማለት አልቻለም፤ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። አንድ እጇን ከልጇ ጀርባ ላይ አነሳችና፣ መዳፏን ወደ መሬት አድርጋ፣ ድንጋዩን አውርዱለት ስትል ለሽማግሌዎቹ ምልክት ሰጠች።